አደጋ ሲደርስ ማን ይናገራል? ከ1981 እስከ 2016 ዓ.ም.

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ ይጓዝ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ ገጠመው። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አንደኛው ሞተር ወዲያው ኃይሉን አጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲዞሩ ከዳቸው። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ ሜዳ ላይ አረፈና በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35 መንገደኞች ሞቱ፤ ስድስቱ የበረራ ሠራተኞች ግን በሙሉ ተረፉ።

በዚያ ዘመን አንድ መሥሪያ ቤት አደጋ ሲደርስበት ለሕዝብ ምን እንደሚነገር የሚወስነው እሱ ራሱ አልነበረም። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የዜና አገልግሎቱና ዕለታዊው «አዲስ ዘመን» የመንግሥት ነበሩ፤ የሚታተም ሁሉ በሳንሱር ያልፋል፤ የግል ጋዜጣ የለም። አየር መንገዱ ከጋዜጠኛ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት መድረክም አልነበረም ማለት ይቻላል። ወሬው ከድርጅቱ ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ሬዲዮ ይሄዳል፤ ሰሚው ጆሮ ሲደርስ አጥሮና ተመጥኖ ነው።

አውሮፕላኑ የወደቀው በጎጃም ምድር ቢሆንም ፍኖተ ሰላምና ቡሬን የመሰሉ የጎጃም ከተሞችም ይፋዊውን ዜና የሚሰሙት እንደ ሌላው አገር ሁሉ ከአዲስ አበባ ነበር። በገጠሩ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ያለው ሰው ብቻውን አይሰማም፤ ጎረቤት ይሰበሰብበታል። የአገር ውስጡ ዜና ካለቀ በኋላ ጣቢያ ቀይሮ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨውን የጀርመን ድምፅ ወይም በ1975 ዓ.ም. የጀመረውን የአሜሪካ ድምፅ መፈለግም የታወቀ ነገር ነበር። የቀረውን ከባሕር ዳር የሚመጣ የመኪና ሾፌር፣ የገበያ ተመላሽና የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያሟላዋል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» በሚባልበት አገር ይፋዊው ቃል ባጠረ ቁጥር የመላው ድርሻ ይረዝማል። በ1981ዱ አደጋ ግን የዝምታው ዋጋ ቀላል ነበር፤ ጥፋተኛው ርግብ ነው፣ ርግብም ጠበቃ አያቆምም። አብራሪዎቹም በሕይወት ስለነበሩ የሆነውን ራሳቸው ማስረዳት ይችሉ ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ደርግ ወድቆ፣ የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጥቶ፣ በአዲስ አበባ መንገዶች የግል ጋዜጦች ይሸጡ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረ ቦይንግ 767 በሦስት ጠላፊዎች እጅ ገባ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ እንዲወሰዱ አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢነግሯቸውም አላመኑም። ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ ካፒቴኑ አውሮፕላኑን ኮሞሮስ ውስጥ፣ ከግራንድ ኮሞር ደሴት ጠረፍ አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175ቱ 125 ሰዎች፣ ጠላፊዎቹን ጨምሮ፣ ሞቱ።

በዳርቻው ካለው የመዝናኛ ሆቴል የነበረ ጎብኚ የአውሮፕላኑን ክንፍ ውኃ ሲነካና ሲሰባበር በቪዲዮ ቀረጸው፤ ፊልሙም በዓለም ቴሌቪዥኖች ተዳረሰ። የአየር መንገዱ መግለጫ ምንም ቢል ከዚያ በኋላ ሰው የሚያስታውሰው ምስሉን ነው። ምስሉ ግን ድርጅቱን አልጎዳውም። ከሞት የተረፉት ስለ ካፒቴኑ የተናገሩት ማንኛውም ቃል አቀባይ ሊናገረው ከሚችለው በላይ ሠራ። ከሟቾቹ አንዱ ኬንያዊው የካሜራ ሰው ሞሐመድ አሚን ነበር፤ የ1977ቱን ረሃብ ከኮረም ለዓለም ያሳየው እሱ ነው።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከቤይሩት የተነሣው ቦይንግ 737-800 ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ 90 ሰዎችን እንደያዘ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ። በሕይወት የተረፈ የለም። በዚህ ጊዜ አደጋው የደረሰው በሰው አገር ነው፤ የዜናው በርም በሰው አገር ሹማምንት እጅ ነበር። ጥቁር ሳጥኖቹ ገና ከባሕሩ ሳይወጡ የሊባኖሱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ጋዚ አሪዲ አብራሪው ከመቆጣጠሪያ ማማው የተነገረውን አቅጣጫ ትቶ ያልተጠበቀ መታጠፊያ እንዳደረገ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ያ አንድ ዐረፍተ ነገር በማግስቱ የዓለም ርዕስ ሆነ።

የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ግርማ ዋቄ አዲስ አበባ ላይ ጋዜጠኞችን ሰብስበው ምርመራው ሳያልቅ መደምደም እንደማይገባ አስረዱ። ትክክል ነበሩ፤ ግን ዘግይተው ነበር። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ዓባሪ 13 የሚባለው ሕግ ምርመራውን የሚመራው አደጋው የደረሰበት አገር እንዲሆን ይደነግጋል፤ ስለ መንሥኤው መናገርም የመርማሪው ፋንታ ነው። ሕጉን የሚያከብር አየር መንገድ አፉን ይዘጋል፤ ሕጉን የማያከብር ሹም ይናገራል፤ ጋዜጣው ደግሞ የተናገረውን ይጽፋል። በየካቲት አየር መንገዱ አሻጥርን ጨምሮ የትኛውንም መንሥኤ እንደማያገልል አስታወቀ። በጥር 2004 የሊባኖስ የመጨረሻ ሪፖርት ወጥቶ ጥፋቱን በአብራሪዎቹ የበረራ አያያዝ ላይ ሲያደርግ፣ አየር መንገዱ በዚያው ሰሞን ሪፖርቱን እንደማይቀበል ገልጾ የፍንዳታን ጉዳይ አነሣ። ይህ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንባቢው ፍርዱን የሰጠው በመጀመሪያው ሳምንት ነበር፤ ዘግይቶ የመጣ ተቃውሞ፣ እውነትም ይሁን አይሁን፣ የሚደርሰው ጉዳዩን ለሚከታተሉ ጥቂቶች ብቻ ነው።

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሮም የተነሣ አውሮፕላን ጄኔቭ ላይ አረፈ። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ መግለጫ አውሮፕላኑ ወደ ጄኔቭ ለመሄድ መገደዱንና ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ደኅና መሆናቸውን ብቻ ይናገር ነበር። ጠላፊው ረዳት አብራሪው መሆኑን ለዓለም ያስታወቀው የጄኔቭ ፖሊስ ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ብዙ ሰው አውሮፕላኑ ጄኔቭ ሰማይ ላይ ሲዞር በኢንተርኔት በረራ መከታተያ አይቶ ነበር። የሚያስቀው ግን የስዊስ ጋዜጦች ብዙ ቀለም ያፈሰሱት በኢትዮጵያ ላይ ሳይሆን በራሳቸው አየር ኃይል ላይ መሆኑ ነው፤ ተዋጊ ጄቶቻቸው ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለነበር አልተነሡም፣ አውሮፕላኑን ያጀቡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ጄቶች ናቸው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ከጠዋቱ 2፡38 ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ቱሉ ፈራ በምትባል መንደር መሬት ገባ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች አለቁ። የ35 አገሮች ዜጎች ነበሩበት፤ ትልቁ ድርሻ የኬንያ ነው።

የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው አየር መንገዱ አልነበረም። ረፋድ ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በትዊተር ለሟች ቤተሰቦች የሐዘን መግለጫ አወጣ፤ ብዙ ሰው አደጋውን ያወቀው ከዚያ ነው። ያልተረጋገጠ ነገር ገና በቤተሰብ ጆሮ ሳይገባ ከላይ መነገሩ ያስተቻል፤ የአየር መንገዱ የአደጋ መግለጫ ቁጥር 1 ግን ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። መግለጫዎቹ በተራ ቁጥር መውጣታቸው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለጋዜጠኛው ግን የትኛው የቀደመ፣ የትኛው ያረመው እንደሆነ ይለይለታል፤ ከፌስቡክ ከሚነሣው የሐሰት መግለጫም ይጠብቀዋል።

ዋና ሥራ አስፈጻሚው አቶ ተወልደ ገብረማርያም በዚያው ቀን ቦታው ላይ ደረሱ። በተቆፈረው አፈር መካከል ቆመው የአውሮፕላኑን ስብርባሪ ይዘው የሚታዩበት ፎቶ በአየር መንገዱ ትዊተር ወጣ፤ ከሥሩም በሕይወት የተረፈ እንደሌለ ተጻፈ። ከዚያ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጡ፦ አውሮፕላኑ አዲስ እንደነበር፣ ጠዋት ከጆሃንስበርግ ያለ ችግር እንደደረሰ፣ አብራሪው ችግር እንደገጠመው ነግሮ ለመመለስ ጠይቆ እንደተፈቀደለት ተናገሩ። የመንሥኤውን ጥያቄ ለመርማሪው ተዉት። በ2002 ከቤይሩት የመጣው ወሬ አዲስ አበባን ቀድሞት ነበር፤ በ2011 የአየር መንገዱ አለቃ ከመርማሪም ከተንታኝም ቀድመው ሜዳው ላይ ቆመው ነበር። ልዩነቱ ለቀጣዮቹ ሳምንታት ሁሉ ተርፏል።

ፈጣን ቃል ግን ዕዳም አለው። አየር መንገዱ ከመጀመሪያዎቹ መግለጫዎቹ በአንዱ ረዳት አብራሪው 200 የበረራ ሰዓት እንዳለው ጻፈ። ይህን ቁጥር የውጭ ጋዜጦች አንሥተው የአብራሪዎቹን ልምድ መጠየቂያ አደረጉት። ከወር በኋላ የወጣው ቅድመ ሪፖርት ግን 361 ሰዓት ይላል። የ29 ዓመቱ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ከ8,100 በላይ ሰዓት የበረረ ሰው መሆኑ ከዚህ ቁጥር ጥላ ሥር ወደቀ። ጥቁር ሳጥኖቹስ ወዴት ይሄዳሉ በሚለው ላይም እንዲሁ መወዛገብ ታየ፤ ወደ ጀርመን ይላካሉ ተብሎ ሲጠበቅ የጀርመን መርማሪ ቢሮ ለዚህ አዲስ አውሮፕላን የሚሆን ሶፍትዌር እንደሌለው ገለጸና ሳጥኖቹ መጋቢት 5 ፓሪስ ደረሱ።

መጋቢት 2 ቀን አየር መንገዱ የቀሩትን አራት 737 ማክስ አውሮፕላኖች ማቆሙን አስታወቀ። ምክንያቱ ገና እንዳልታወቀ፣ እርምጃው ተጨማሪ ጥንቃቄ መሆኑን አልሸሸገም። ቻይና በዚያው ቀን አገደች፤ የአውሮፓ ኅብረት በማግስቱ፤ አሜሪካ መጋቢት 4። ቦይንግ በበኩሉ እስካሁን ባለው መረጃ ለአየር መንገዶች አዲስ መመሪያ ለመስጠት ምክንያት እንደሌለው ገልጾ ነበር፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴኒስ ሚለንበርግም ለፕሬዚዳንት ትራምፕ ስልክ ደውለው ስለ አውሮፕላኑ ደኅንነት ተናግረው ነበር። አንዱ «አላወቅሁም፣ ስለዚህ አቁሜአለሁ» አለ፤ ሌላው «አላወቅሁም፣ ስለዚህ ይብረር» አለ። የዓለም ጋዜጣ የሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አትሞ ለመፍረድ ሁለት ቀን ብቻ በቃው።

እሑድ መጋቢት 8 በአንድ ቀን ሁለት ነገር ሆነ። በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አስከሬን የሌለባቸው 17 ሳጥኖች ለ17ቱ ኢትዮጵያውያን ተቀበሩ። የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ ደግሞ ከጥቁር ሳጥኑ የተገኘው መረጃ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. 189 ሰው ይዞ ኢንዶኔዥያ ከወደቀው የላየን ኤር አውሮፕላን ጋር ግልጽ ተመሳሳይነት እንዳለው አስታወቁ። መንሥኤውን ሳይናገሩ አቅጣጫውን አሳዩ፤ ይህን የተናገሩትም የሚገባቸው ባለሥልጣን ናቸው። መጋቢት 26 ቅድመ ሪፖርቱን ሲያቀርቡ አብራሪዎቹ የአምራቹን መመሪያ ደጋግመው ፈጽመው አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ገለጹ። በዚያው ዕለት ሚለንበርግ በሁለቱም አደጋዎች የተሳሳተ የዳሳሽ መረጃ ኤምካስ የተባለውን አፍንጫ የሚደፋ ሥርዓት እንዳስነሣው አመኑ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.ም ከሥልጣናቸው ተነሡ።

አየር መንገዱ በጣም የተንገዳገደው በእነዚህ ቀኖች መካከል ነው። መጋቢት 11 እና 12 ሁለት የአሜሪካ ታላላቅ ጋዜጦች፣ ኒው ዮርክ ታይምስና ዋሽንግተን ፖስት፣ ካፒቴኑ በማክስ ማሠልጠኛ ሲሙሌተር እንዳልሠለጠነ የሚገልጹና አብራሪዎች ቀደም ሲል ያቀረቡትን አቤቱታ የሚያነሡ ዘገባዎች አወጡ። መልሱ ቁጣ ነበር፤ ዘገባው ሐሰት፣ ኃላፊነት የጎደለውና አሳሳች እንደሆነ ገለጸ። ቁጣው ሊገባ ይችላል፤ በሐዘን ቤት ላይ የቆመ ሰው ነው። ጋዜጣ ግን ቁጣን እንደ ዜና ያትማል እንጂ እንደ ማስረጃ አይቆጥረውም፤ የሥልጠና መዝገቡ ገጽ ቢወጣ ከአሥር ቅጽል በላይ ይሠራ ነበር። መጋቢት 16 የወጣው የአቶ ተወልደ ጽሑፍ ሌላ ድምፅ ነበረው፤ በቦይንግ ላይ ያለውን እምነት ገልጾ፣ ሥልጠናውን አብራርቶ፣ ጥያቄውን ወደ አውሮፕላኑ መለሰው። በ2012 መጀመሪያ አንድ የቀድሞ ዋና መሐንዲስ ከአደጋው በኋላ የጥገና መዝገብ ተነካክቷል ብሎ ለአሶሺየትድ ፕሬስ ሲናገርም አየር መንገዱ ካደ፤ ክርክሩም እንደ በፊቱ በቃላት ቀረ።

ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክስ አውሮፕላን እንደገና መንገደኛ ይዞ ሲነሣ በውስጡ የቦርድ አመራሮች፣ ሚኒስትሮች፣ አምባሳደሮችና ጋዜጠኞች ተሳፍረው ነበር። ምንም ጋዜጣዊ መግለጫ ይህን አይተካም፤ ጋዜጠኛው ስለ ደኅንነቱ የጻፈው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው። የመጨረሻው ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ሲወጣ ግን አዲስ ሙግት ተከተለ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የዳሳሹን ብልሽት ከአውሮፕላኑ አሠራርና ኤሌክትሪክ ችግር ጋር ሲያያይዙት፣ የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዳሳሹን ያበላሸው ምናልባት የወፍ ግጭት ነው አለ፤ የአብራሪዎቹ ሥራም በቂ ትኩረት አላገኘም ሲል ተቸ። ከባሕር ዳሩ አደጋ በተለየ፣ እዚህ ላይ ወፍ መኖር አለመኖሩ ራሱ የቢሊዮን ዶላር ጥያቄ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረሰው ሌላ ቀውስ የሰው ሕይወት ያልጠፋበት፣ ግን በየቤቱ የገባ ነው። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ብልሽት ደርሶ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ መልእክት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በረረ፤ ሌሊቱን በኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ለሕዝብ ያቀረበው ቃል አጭርና ደረቅ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ ከመደበኛ ጥገናና ፍተሻ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ። ይህ አስፈላጊ ቃል ነው፤ ስንት ብር ወጣ የሚለውን ግን አልመለሰም፣ ያንን ባዶ ቦታ የሞላው ማኅበራዊ ሚዲያው ነው።

የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ቀናት ቆይተው ለጋዜጠኞች ቀረቡ። በዚያ ሌሊት ወደ 490,000 የሚጠጋ ግብይት እንደተፈጸመና 2.4 ቢሊዮን ብር እንደተንቀሳቀሰ ተናገሩ፤ ከዚህ ውስጥ ያለ አግባብ የወጣው ምን ያህል እንደሆነ ግን ወዲያው አልገለጹም። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ የውጭ ዘገባዎች ጠቅላላውን ገንዘብ እንደ ተሰረቀ ቆጥረው ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብለው ጻፉ። በኋላ ባንኩ ያለ አግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነና 622.9 ሚሊዮኑ እንደተመለሰ ሲገልጽ፣ ትክክለኛው ቁጥር ትልቁን ቁጥር አልደረሰበትም። ሁለቱን ቁጥሮች በመጀመሪያው ቀን ለይቶ መናገር ባይቻል እንኳ የተንቀሳቀሰው ሁሉ የተሰረቀ እንዳልሆነ ጮክ ብሎ መናገር ይቻል ነበር።

በፈቃዱ የሚመልስ እንደማይከሰስ ባንኩ ቃል ገባ፤ ጅማን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን እንዲመልሱ አሳሰቡ። ያልመለሱትን ግን ባንኩ በስማቸውና በፎቶአቸው በኢንተርኔትና በየቅርንጫፉ በር ላይ ለጠፈ። የገንዘቡ መመለስ ተፋጠነ፤ ዜናው ግን ከባንኩ ብልሽት ወደ ደንበኞቹ ፊት ዞረ። ለባንኩ ይህ ምቹ መታጠፊያ ነበር። ፍርድ ያላገኘን ሰው ፊት በአደባባይ መለጠፍ ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄም ያስነሣው ይኸው ነው።

ምዕራብ ጎጃም ይህን ቀውስ የተከታተለው በሌላ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቅርንጫፎች የሚያስቀምጥ ነጋዴና ገበሬ የባንኩን የፌስቡክ መግለጫ በስልኩ ሊከፍት አይችልም፤ ያለው አማራጭ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ከሌላ አገር የሚደወል ስልክና የቅርንጫፉ ሠራተኛ ቃል ነበር። ባንኩ ስምና ፎቶ በኢንተርኔት ሲያወጣም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ ያላቸው የገጠር ወላጆች ዝርዝሩን የሚያገኙት በሌላ ሰው በኩል ነው። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት በከፊል የተመለሰው ከወራት በኋላ፣ በ2016 ክረምት ነበር።